የተሳፋሪ ዝምታ

በአገራችን ከአንድ ሥፍራ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይጓዝም። የራሱ ተሽከርካሪ ያለው ጥቂት ነው፤ ብዙኃኑ ሕዝብ ገና ጎሕ ሳይቀድ በመናኸሪያ ተሰልፎ፣ ትኬቱን በእጁ ይዞ፣ ሻንጣውን ወይም ማዳበሪያውን ለፖርታ መጋላ አስረክቦ ከማያውቃቸው ሃምሳና ስልሳ ሰዎች ጋር ይሳፈራል። ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ልጇን ለማሳከም ወደ ከተማ የምትሄደው እናት፣ ለቀብር የተጠራው ሽማግሌ፣ በዝውውር የሚሄደው የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ጣራ ሥር ይቀመጣሉ። ሞተሩ ሲነሣ ከመካከላቸው አንዱ «መንገዱን የቀና ያድርግልን» ይላል፤ ሌሎቹም «አሜን» ይላሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እነዚህ የማይተዋወቁ ሰዎች ሕይወታቸውን ለአንድ ሰው አደራ ሰጥተዋል።

ስለዚያ ሰው፣ ማለትም ስለ ሾፌሩ ግዴታ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ሕጉም፣ ትራፊክ ፖሊሱም፣ ጋዜጣውም በእርሱ ላይ ያተኩራሉ፤ መሪው በእጁ ነውና ተገቢ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ከሾፌሩ ጀርባ ስለ ተቀመጠው ሰው ነው። አውቶቡሱ ከልክ በላይ ሲበር፣ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ለመቅደም ሲሽቀዳደም፣ ሾፌሩ ሲያንጎላጅ ወይም በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ሲያወራ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ይህን እያየና ልቡ እየደነገጠ ዝም ቢል፣ ያ ዝምታ ምንድን ነው? ጨዋነት ነውን? ትዕግሥት ነውን? ወይስ የጥፋቱ ተካፋይ መሆን ነው?

ጥያቄው ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በአገራችን በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በመንገድ ላይ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ ከእነዚህም መካከል በሕዝብ ማመላለሻ ተሳፍረው የነበሩ ብዙ ናቸው። ከአደጋ የተረፉ ሰዎች ሲናገሩ «ከመነሻው ጀምሮ ይበር ነበር» ማለታቸውን ያልሰማ ማን አለ? እንግዲህ ከመነሻው ጀምሮ ይታይ የነበረ ነገር እስከ መጨረሻው ሳይነገር የቀረው ለምንድን ነው?

ልጓሙን ያስረከበ መንገደኛ

ቀድሞ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ይጓዝ ነበር። በቅሎዋ ብትፈጥን ልጓሟን የሚስበው እርሱ ነው፤ ገደል አፋፍ ሲደርስ ወርዶ የሚመራት እርሱ ነው፤ ቢሳሳትም ስሕተቱ የራሱ ነው። ይህን አኗኗር ከሥሩ መለወጥ የጀመረው ምድር ባቡር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የታሰበው ሐዲድ ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማይቱም ከባቡሩ ጋር ተወለደች። አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መንገድ በቅፍለት ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን ጉዞ ወደ ጥቂት ቀናት አሳጠረው። በማዕረግ በተለያዩ ፉርጎዎችም ቢሆን ባለጸጋውና ድኻው በአንድ ሐዲድ ላይ መጓዝ ጀመሩ።

የተሳፈረው ሰው ጊዜና ድካም አተረፈ፤ በምትኩ ግን አንድ ነገር አስረከበ፤ ይኸውም ልጓሙን ነው። ከዚያ ወዲህ የሚደርስበት በጎም ሆነ ክፉ በሌላ ሰው እጅ ሆነ። ይህ ምን ያህል ከባድ አደራ እንደ ሆነ አገራችን በመራራ ሁኔታ ያየችው በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወር መንገደኞችን የጫነ ባቡር አዋሽ አጠገብ በሸለቆ ላይ በተዘረጋ ድልድይ ዘንድ፣ በመታጠፊያው ላይ፣ ሐዲዱን ለቅቆ ፉርጎዎቹ ወደ ገደል ወደቁ። ከ400 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ አስከፊ ከሆኑት አንዱ ነው። በጊዜው እንደ ተገለጸውም ባቡሩ ወደ መታጠፊያው ሲደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነበር።

በፉርጎው ውስጥ የነበረው ሰው ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ምንም። ነጂውን አያየውም፤ ድምፁም አይደርሰውም። ስለዚህ ማንም ሕሊና ያለው ሰው በአዋሽ ያለቁትን ስለ ዝምታቸው አይጠይቃቸውም። የግዴታ መለኪያው ችሎታ ነውና፤ ሰው ሊያደርገው በማይችለው ነገር አይወቀስም። እንዲህ ባለው ጉዞ የተሳፋሪው ጠባቂ ተቋሙ ነው፤ የፍጥነት ወሰን የሚያወጣው፣ ነጂውን የሚያሠለጥነው፣ ሐዲዱንና ፍሬኑን የሚመረምረው እርሱ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረው፣ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰው አዲሱ የአዲስ አበባ ጂቡቲ ባቡርም ቢሆን መንገደኛውን ከዚሁ አደራ አላወጣውም፤ አደራውን በላቀ መሣሪያ ላይ አሳረፈው እንጂ።

አውቶቡስ ግን ከዚህ ይለያል። ባቡር የሚደርሰው በአንድ መሥመር ብቻ ሲሆን፣ ጎጃምና ወለጋ፣ ጋሞና ባሌ፣ ወሎና ትግራይ የሚገናኙት በአውቶቡስ ነው። በአውቶቡስ ውስጥ ሾፌሩ ከእኛ የሚርቀው ጥቂት እርምጃ ነው። በመስተዋቱ ፊታችንን ያያል፤ ሳል ብናስል ይሰማናል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ወይም የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ሲይዝ ፍሬኑ የሚያሰማውን ድምፅ እኛም እንሰማለን። ልጓሙን ብናስረክብም ድምፃችንን አላስረከብንም። ከዚህ የተነሣ የባቡሩ ተሳፋሪ የሌለበት ግዴታ በአውቶቡሱ ተሳፋሪ ላይ ይወድቃል። ይህን ግዴታ ላለመቀበል ግን ሰዎች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች አሉ፤ አንድ በአንድ እንመርምራቸው።

«እኔ ከፍያለሁ»

የመጀመሪያው ምክንያት የገንዘብ ነው። «ትኬት ቆርጫለሁ፤ በደኅና የማድረስ ኃላፊነት የባለንብረቱና የሾፌሩ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ትኬት ውል ነው። ሆኖም ውሉ የገዛልን መቀመጫና መጓጓዣ ነው፤ ሕሊናችንን አልሸጥንበትም። በጣራው ላይ የተጫነው ማዳበሪያም ተከፍሎበታል፤ ያም ዝም ብሎ ይጓዛል። የእርሱ ዝምታ ተፈጥሮው ነው። የሚያይ፣ የሚሰማና የሚያመዛዝን ሰው ግን ስለ ከፈለ ብቻ ወደ ዕቃነት አይለወጥም።

ደግሞም ዝም የሚለው ሰው ለአደጋ የሚያጋልጠው የራሱን ሕይወት ብቻ አይደለም። «የራሴ ነፍስ ነው፤ ምን አገባህ?» የሚል ቢኖር በአጠገቡ በእናቱ ጭን ላይ የተኛውን ሕፃን ይመልከት። ያ ሕፃን ትኬት አልቆረጠም፤ ፍጥነትን አልመረጠም፤ የሚናገርበት አንደበትም ገና የለውም። የእኛ ዝምታ የእርሱንም ድርሻ ይጨምራል።

ቶማስ አኲናስ ስለ ግድፈት ሲያስተምር፣ ማለትም ሰው ማድረግ የሚገባውን ትቶ ስለሚፈጽመው በደል ሲናገር፣ ሁለት ነገሮችን ያስተያያል፤ ሰውየው ማድረግ ይገባው ነበርን? ማድረግስ ይችል ነበርን? ሁለቱ በተገኙበት ሥፍራ አለማድረግ እንደ ማድረግ ይቈጠራል። የአገራችን ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሕይወቱ ወይም ጤንነቱ በከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ሳይደርስ ሊረዳው እየቻለ ሆን ብሎ የተወውን ሰው ይቀጣል። ሕጉ የሚናገረው አደጋው ከደረሰ በኋላ ስለሚሆነው ነው ቢባል እንኳ፣ ሕሊና ከሕግ ቀድሞ ይሄዳል። ከገደል ሥር ያለውን ለማንሣት የሚገደድ ሰው፣ ወደ ገደሉ የሚያመራውን ለማስጠንቀቅ እንዴት አይገደድም?

ከዚህም የሚብስ አለ። ትርፍ ሰው የጫነ ሚኒባስ ወደ ትራፊክ ፖሊስ ሲቃረብ ረዳቱ «ጎንበስ በሉ» ይላል፤ ቆመው ወይም ተደርበው የነበሩትም ጎንበስ ይላሉ። የተቀመጡትም ፊታቸውን ወደ መስኮት መልሰው ምንም እንዳላዩ ይሆናሉ። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ደግሞ መብራቱን ብልጭ አድርጎ ፖሊስ መኖሩን አስቀድሞ ይጠቁማል። እዚህ ላይ ዝምታ ብቻ ሳይሆን ትብብር አለ። ሊጠብቀን የቆመውን ሰው ለማታለል፣ ሊገድለን ከሚችለው ነገር ጋር እየተባበርን ነው። በኋላም አደጋ ሲደርስ «መንግሥት የት ነበር?» ብለን እንጠይቃለን።

«ሾፌሩ ያውቃል»

ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው የተሻለ ክብደት አለው። መንዳት ሙያ ነው፤ ተሳፋሪው መንገዱንም ሆነ ሞተሩን አያውቅም፤ ሁሉም እየተነሣ ቢጮኽ ሾፌሩ ይታወካል፤ አደጋው እንዲያውም ይቀርባል ይባላል። የጥንቱ ፈላስፋ ፕላቶ በመርከብ ምሳሌው የተናገረውን የሚያስታውስ ነው። በዚያ ምሳሌ መርከበኞቹ የመርከብን ጥበብ ሳይማሩ መሪውን ለመያዝ ይጣላሉ፤ ከዋክብትንና ነፋሳትን የሚያውቀውን እውነተኛ መሪ ግን ከንቱ ሰው አድርገው ይንቁታል። በእውነትም ሃምሳ ሾፌር ያለበት አውቶቡስ ሾፌር የሌለው አውቶቡስ ነው።

ይሁን እንጂ እኚሁ ፈላስፋ በዚያው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ሌላም ነገር ያስተምራሉ። ማንኛውም ጥበብ የሚሻው የባለሙያውን ጥቅም ሳይሆን የሚገለገልበትን ሰው ጥቅም ነው፤ ሐኪም ሐኪም የሚሆነው ለበሽተኛው ነው፤ የመርከብ መሪም እንዲሁ አብረውት በመርከቡ ላይ ላሉት ነው። እንግዲህ ተሳፋሪው መሪውን እንዴት እንደሚያዞር ለሾፌሩ አያስተምረውም። ሙያው ለምን እንደ ተሰጠው ያስታውሰዋል እንጂ። «ማርሽ ቀይር» ማለት የእኛ ሥራ አይደለም፤ «ቀስ በልልን፤ ሰዎች ነን» ማለት ግን የእኛ ነው። በሽተኛ ሐኪሙን «አመመኝ» ሲለው የሕክምናን ጥበብ አልደፈረም፤ ሐኪሙ ሊያውቀው የማይችለውን ነገረው። ሾፌሩም ከኋላው ያለው ሕዝብ መፍራቱን ካልነገሩት ዝምታችንን እንደ ስምምነት ቢቈጥረው አያስደንቅም።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሾፌሩ ብዙ ጊዜ የሚነዳው በራሱ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ባለንብረቱ ገቢ ይጠብቃል፤ ተራ እንዳያልፈው ይቸኩላል፤ ትናንት ማታ ዘግይቶ ገብቶ ዛሬ በሌሊት ተነሥቶ ይሆናል። ከተሳፋሪው መካከልም «ምነው ተጎተትክ? ሌሎቹ ሁሉ እያለፉን ነው!» የሚል አይጠፋም። ከኋላው የሚመጣው ድምፅ ይህ ብቻ ከሆነ፣ በጥንቃቄ ለመንዳት የሚፈልግ ሾፌር እንኳ ረዳት አያገኝም። ስለዚህ የሚናገር ተሳፋሪ የሾፌሩ ጠላት አይደለም፤ እንዲያውም «ተሳፋሪዎቹ ቀስ በል ብለውኛል» እንዲል ምክንያት ይሰጠዋል።

«ብቻዬን ምን አደርጋለሁ?»

ሦስተኛውና በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበረታው ምክንያት እፍረት ነው። ሁሉም ዝም ሲል ብድግ ብሎ መናገር ይከብዳል። «ይህን ያህል ሰው ዝም ያለው ነገሩ ደኅና ቢሆን ነው፤ ብናገር ፈሪ እባላለሁ፤ ረዳቱም ያሾፍብኛል» ብሎ ሰው ያስባል። የሚያሳዝነው በአጠገቡ ያለውም ሰው ይህንኑ ማሰቡ ነው። እያንዳንዱ የሌላውን ዝምታ አይቶ ዝም ይላል፤ በመጨረሻም ሃምሳ የፈሩ ሰዎች እንዳልፈሩ መስለው ይቀመጣሉ።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን በየክፍላቸው ለብቻቸው አስቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ እንዲነጋገሩ ካደረጉ በኋላ፣ አንዱ ተናጋሪ በድንገት የታመመ መስሎ እንዲሰማ አደረጉ። ከበሽተኛው ጋር ያለው እርሱ ብቻ እንደ ሆነ ካመኑት መካከል ችግሩ በሚሰማበት ጊዜ ለመርዳት የተነሡት ከመቶ 85 ነበሩ፤ ሌሎች አራት ሰዎች እንደሚሰሙ ካመኑት መካከል ግን የተነሡት ከመቶ 31 ብቻ ናቸው። ሰዎቹ ክፉዎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ኃላፊነቱ በብዙ ትከሻ ላይ ሲበተን ለእያንዳንዱ ቀላል መስሎ ስለ ታየው ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ይህ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ የራሱን ሎሚ ሲያነሣ ነው። ሁሉም ሌላው እስኪያነሣ ቢጠብቅ ሃምሳውም ሎሚ መሬት ላይ ይቀራል።

ለመሆኑ መናገር ይጠቅማልን? ለዚህ መልስ የሚሰጥ ምሳሌ ከጎረቤታችን ከኬንያ እናገኛለን። በዚያ አገር «ማታቱ» የሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻዎች በፍጥነታቸውና በአደጋቸው የታወቁ ናቸው። ጄምስ ሃቢያሪማናና ዊልያም ጃክ የተባሉ ተመራማሪዎች በዕጣ በተመረጡ ማታቱዎች ውስጥ፣ ሾፌሩ በአደገኛ ሁኔታ ሲነዳ ተሳፋሪዎች እንዲናገሩ የሚያበረታቱ ጽሑፎችን አስለጠፉ። አዲስ ሕግ አልወጣም፤ ፖሊስ አልተጨመረም፤ መንገድም አልተሠራም፤ የተለጠፈው ወረቀት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የመጀመሪያው ጥናታቸው ጽሑፉ በተለጠፈባቸው ማታቱዎች ሞትና የአካል ጉዳት ያለባቸው የኢንሹራንስ ጥያቄዎች በግማሽና ከዚያ በላይ እንደ ቀነሱ አሳየ። በስዋሂሊ «ዙሻ» በሚል ቃል፣ ማለትም ድምፅን አሰሙ በማለት፣ በብዙ ሺህ ተሽከርካሪዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ሁለተኛው ጥናት ደግሞ አደጋው ከአራት አንድ እጅ እስከ ከሦስት አንድ እጅ መቀነሱን ገለጠ።

ይህን ውጤት ቀለል አድርገን ልንመለከተው አይገባም። ወረቀቱ ለተሳፋሪው አዲስ እውቀት አልሰጠውም፤ ፍጥነት እንደሚገድል ቀድሞም ያውቅ ነበር። የሰጠው ፈቃድ ነው። ብናገር አላፈርም፤ መናገር ከእኔ የሚጠበቅ ነው እንዲል አደረገው። ያ ወረቀት ያደረገውን አንድ የታመነ ሰው ሊያደርገው አይችልምን? ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው አንድ ሰው ሲገኝ ሌሎቹ ሲከተሉት ይታያልና። ስለዚህም ግዴታው በሁሉ ላይ እኩል አይደለም። ቃሉ የሚደመጥለት ሰው፣ ማለትም ሽማግሌው፣ መምህሩ፣ ካህኑ፣ ሼኩ፣ ሐኪሟ፣ ዝም ቢሉ ዝምታቸው ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። ሌላው ሰው የእነርሱን ፊት አይቶ ልኩን ይወስናል።

«የታዘዘ ነው»

አራተኛው ምክንያት የሃይማኖትን ልብስ ለብሶ የሚመጣ በመሆኑ ልናልፈው አንችልም። «የሰው ልጅ ቀኑ ካልደረሰ አይሞትም፤ የታዘዘ አይቀርም» ይባላል። በእግዚአብሔር መታመን ታላቅ ነገር ነው፤ በኀዘን ላይ ላለ ሰውም ይህ ቃል መጽናኛ ሆኖ ይነገራል። ነገር ግን ከአደጋ በኋላ መጽናኛ የሆነው ቃል ከአደጋ በፊት ምክንያት ሲሆን ትርጉሙ ይለወጣል። ማንም ገበሬ «የታዘዘ እህል አይቀርም» ብሎ ማሳውን ሳያርስ አይቀመጥም፤ ማንም እናት «የታዘዘ ነው» ብላ ልጇን በእሳት አጠገብ አትተውም። በጎተራውና በቤታችን የማንሠራበትን ሐሳብ በአውቶቡስ ውስጥ ብቻ የምንጠቀምበት ስለሚያመቸን እንጂ ስለምናምንበት አይደለም። የራሳችንን ስንፍና በፈጣሪ ስም መጥራት ደግሞ እምነት ሊባል አይችልም። የመጠንቀቂያ አእምሮና የመናገሪያ አንደበት የተሰጠን በእነርሱ እንድንሠራ ነው። በመነሻው ላይ «አሜን» ያልነው ጸሎትም በእኛ ዘንድ ሥራ ይጠብቃል።

የችግረኛው ጉዞ

እስከዚህ ያልነው ሁሉ ግን ሚዛኑን እንዳይስት አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። ምርጫ ያለው ሰውና ምርጫ የሌለው ሰው በእኩል አይጠየቁም። አሪስቶትል ስለ ፈቃድ ሲመረምር የባሕር ጉዞን ምሳሌ ያነሣል። በማዕበል ጊዜ ዕቃውን ወደ ባሕር የሚጥል ሰው ይህን የሚያደርገው ወዶ ነው ወይስ ተገዶ? ማንም በደኅና ጊዜ ንብረቱን አይጥልም፤ ሆኖም በዚያች ሰዓት ሕይወቱን ለማትረፍ ይመርጠዋል። እንዲህ ያለውን ሥራ ፈላስፋው ፈቃድና ግዴታ የተቀላቀሉበት ብሎ ይጠራዋል።

በገጠራችን የብዙ መንገደኛ ጉዞ እንዲህ ያለ ነው። አውቶቡስ በማይደርስበት ወይም በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሥፍራ፣ ሰው ለሰው ባልተሠራ የጭነት መኪና ላይ ይወጣል። በታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል በቦና አካባቢ ሰዎችን የጫነ አይሱዙ የጭነት መኪና ከድልድይ ወደ ወንዝ ገብቶ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለሠርግ የወጡ ነበሩ። ስለ እነዚህ ሰዎች «ለምን በጭነት መኪና ተሳፈሩ?» ብሎ መፍረድ ከማን ይወጣል? ደስታቸውን ለመካፈል የወጡ ድኾች ናቸው። በዚህ ጊዜ ጥያቄው የተሻለ መጓጓዣ ማቅረብ ወደሚችሉት፣ እንዲሁም የራሳቸው መኪና ስላላቸው የጋራው መጓጓዣ እንዴት እንደ ሆነ ለማወቅ ወደማይፈልጉት ይዞራል። የሕዝብን አውቶቡስ የሚያውቁት አማራጭ የሌላቸው ብቻ ሲሆኑ፣ ስለ እርሱ የሚናገር ድምፅም እየደከመ ይሄዳል።

እንዲሁም በበረሃ መካከል ከመኪና ውረጂ የምትባል ብቻዋን ያለች ሴት፣ ወይም የሚደበደብ ወጣት ዝም ቢሉ፣ ዝምታቸውን በደል ብለን አንጠራውም። አኲናስም ቢሆን ተግሣጽ ነገሩን የሚያባብስ መሆኑ ከታወቀ መተው እንደሚገባ ያስተምራል። የምንወቅሰው ምንም ሳንጎዳ መናገር እየቻልን የምናሳየውን ዝምታ ነው፤ እርሱም እጅግ የበዛው ነው።

እንዴት እንናገር?

መናገር ስንል ጩኸትና ስድብ ማለታችን አይደለም። የተሰደበ ሾፌር እልህ ይገባዋል፤ በእልህ የሚነዳ ሰው ደግሞ ከሚቸኩለው ይብሳል። ሕዝባችን ግን ሰውን ሳያዋርድ የመገሠጽ ጥሩ ልማድ አለው። ሽማግሌው «ልጄ፣ ቀስ በልልን፤ የቸኮለ የለም» ይላሉ። እናት «የኔ ልጅ፣ ሕፃናት ይዘናል» ትላለች። ወጣቱ ሾፌሩን «ጋሼ፣ እባክዎ ፍጥነቱን ይቀንሱልን» ይላል። ከሾፌሩ ጋር መነጋገር በማይመችበት ሥፍራ ለረዳቱ መንገር ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ ገና በመናኸሪያ ሳለን፣ በደስታ ቃል «በሰላም ነው የምንሄደው፤ ቶሎ ሳይሆን በደኅና አድርሰን» ማለት ነው። ቀድሞ የተነገረ ቃል ተግሣጽ ሳይሆን ምክር ይሆናል።

አንዱ ሲናገርም ሌላው ሊደግፈው ይገባል። «ልክ ናቸው፣ ቀስ በል» የምትል አንዲት አጭር ቃል የመጀመሪያውን ተናጋሪ ከብቸኝነት ታወጣዋለች። ትርፍ ተጭኖ «ጎንበስ በሉ» ስንባል አለመጎንበስ እንችላለን። ቃላችን ሳይሰማ ቢቀር መኪናው በሚቆምበት ከተማ ለመናኸሪያው ስምሪት ወይም ለትራፊክ ፖሊስ መንገር አለ። በጥንቃቄ ያደረሰንን ሾፌር ደግሞ ስንወርድ ማመስገን አይቅር። ዘግይቶ ስለ ደረሰ የሚሰደብና በደኅና ስላደረሰ የማይመሰገን ሾፌር ምን እየተማረ ይሄዳል?

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ መልሳችን ይህ ነው። የማይችል ሰው ዝምታ መከራ ነው፤ የሚችል ሰው ዝምታ ግን ዕዳ ነው፤ ዕዳውም የሚከፈለው በአጠገቡ በተቀመጠው ሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ትኬቱ ለአንድ ቀን ያህል የጉዞ ጓደኞች አድርጎናል። ስማቸውን ባናውቅም፣ ከመናኸሪያው በር ስንለያይ ዳግመኛ ባንተያይም፣ እስከዚያች በር ድረስ አንዳችን የሌላው ጠባቂዎች ነን። በሚቀጥለው ጉዞአችን ልባችን ሲደነግጥ በአጠገባችን ያለውም ሰው ልቡ እንደ ደነገጠ እናስብ፤ እርሱም የሚጠብቀው የእኛን ቃል ሊሆን ይችላል።